ጉራቻ የማይሻገራት መስመር

እኔ ውሻ አልነካም። ይኼን አስቀድሜ ልናገርና ይውጣልኝ፤ የጋሽ ገብረአምላክ ነገር ሁሉ የሚዞረው እሱ ላይ ነው። ነገሌ ቦረና ውስጥ «ጀይላን ባትሪ» ቢባል የማያውቀኝ የለም። የጭነት መኪና ባትሪ ቻርጅ አደርጋለሁ፣ ዲናሞ እጠግናለሁ፣ የተቃጠለ ሽቦ በአፍንጫዬ አሽትቼ አገኛለሁ። እጄ ግሪስ ይነካል፣ አሲድ ይነካል። የውሻ ምራቅ ግን ወላሂ እንኳን እጄን፣ የሱሪዬን ጫፍ እንዲነካ አልፈልግም። እኛ ዘንድ ምራቁ የነካው ሰው ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱን በአፈር። ውኃ በአህያ ተጭኖ በሚመጣበት ከተማ ሰባት ጊዜ! ማን ይችለዋል?

ጋሽ ገብረአምላክ ጎረቤቴ ነበሩ። በእሳቸውና በእኔ ግቢ መካከል አንድ ጠባብ መንገድና አንድ የጎርፍ ቦይ ብቻ ነው ያለው። በወጣትነታቸው ከሰሜን ከብት ሊከትቡ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው። ከብት የሚፈጀውን የደስታ በሽታ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዘው ከሊበን ሜዳ እስከ ያቤሎ ሠላሳ ዓመት ዞረዋል፤ ከብት ውኃ በሚጠጣበት በየኤላው፣ በየበረቱ የማያውቃቸው ቦረና አልነበረም። መጨረሻ ላይ የሚዞሩበት ላንድሮቨር ተገለበጠና ግራ ጉልበታቸው አልታጠፍ ብሎ ቀረ። ሚስትም አግብተው ነበር፤ ሙቀቱን አልቻልኩትም ብላ በሁለተኛው ዓመት ሄደች። ልጅ የለ፣ ዘመድ የለ። ጡረታ ሲወጡ የቀራቸው አንድ ሬዲዮ፣ አንድ ከዘራና ጉራቻ ነው።

ጉራቻ ውሻቸው ነው። ዲዳ የሚባል የቦረና ሰው ምጥ ያስጨነቃትን ላሙን አዋልደውለት በደስታው ቡችላ አምጥቶ ሰጣቸው። ጥቁር ስለሆነ በኦሮምኛ ጉራቻ አሉት፤ ጥቁር ማለት ነው። የሚያናግሩትም በኦሮምኛ ብቻ ነበር። «ኮቱ!» ይሉታል፣ ና ማለታቸው ነው፣ የትም ይሁን እየበረረ ይመጣል። «ለምን በአማርኛ አይጠሩትም?» ስላቸው፣ «የአገሩን ቋንቋ ትቶ የእኔን ለምን ይማር? እንግዳው እኔ አይደለሁም እንዴ?» ይሉኛል። ሰው ነበሩ ጋሼ። እንዲህ ያለ ጎረቤት ዳግም አላገኘሁም።

በ1979 ዓ.ም. መግቢያ ላይ አንድ እብድ ውሻ ሁለት ሕፃናት ነከሰና አንደኛው ሞተ። መኪና ላይ በተሰቀለ ድምፅ ማጉያ ተለፈፈ፤ ከግቢ ውጭ የተገኘ ውሻ ሁሉ ይገደላል። መርዝ የተቀባ ሥጋ በየመንገዱ ይጣል ጀመር። ጠዋት ሱቄን ልከፍት ስወጣ የደረቁ ውሾች እየተራመድኩ ነው የማልፈው፤ በአንድ ቀን ብቻ ከመስጊዱ እስከ አውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ አሥራ ሰባት ቆጥሬአለሁ። ጉራቻ ደግሞ መንገድ የሚወድ ውሻ ነው። የቦረና ከብት ወደ ገበያ ሲያልፍ የእንጨት ቃጭሉን ከሰማ አለቀ፤ ተከትሎ ይሄድና ሁለት ቀን ቆይቶ ነው የሚመለሰው።

«ይገድሉብኛል፣ ጀይላን» አሉኝ አንድ ቀን ቦዩ ዳር ቆመው። «ከእሱ ሌላ ምን አለኝ?»

በሰንሰለት አሰሩት። በሳምንት ውስጥ አንገቱ ተልጦ ዝንብ ወረረው፤ መብላቱን ተወ፤ የሚያውቀው ሰው ላይ ሁሉ ጥርሱን ማሳየት ጀመረ። ፈቱት። ግቢውን በእሾህ አጠሩ፤ ከሥር ቆፍሮ ወጣ። ሥሩን ድንጋይ ደረደሩበት፤ በላይ ዘለለ፤ ሆዱን እሾህ ቀዶት ደም እያንጠባጠበ ከከብቱ ኋላ ሄደ። ያን ጊዜ ነው እኔ አፌን የከፈትኩት። ምነው ባልከፈትኩት!

ከከተማው ዳር የውኃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር አንድ ፈረንጅ ነበር። ሥራው አልቆ ሲሄድ፣ ጄኔሬተሩን ስለጠገንኩለት አንድ ካርቶን ትቶልኝ ሄደ። ለራሱ ውሻ ከአገሩ ያስመጣው ዕቃ ነው፦ አንዲት ሣጥን፣ አንድ ጥቅል ሽቦና አንድ የአንገት ቀበቶ። ሽቦውን በግቢው ዙሪያ ስንዝር ያህል ትቀብረዋለህ፤ ሁለቱን ጫፍ ከሣጥኗ፣ ሣጥኗን ከባትሪ ታገናኛለህ። ውሻው ቀበቶውን አጥልቆ ወደ ሽቦው ሲጠጋ ቀበቶው መጀመሪያ ጢዝ ይላል፤ ካልተመለሰ በኤሌትሪክ ይነዝረዋል። ሰንሰለት የለ፣ የሚታይ ነገር የለ።

ጋሼ ወዲያው እሺ አላሉም። አንድ አሮጌ የክትባት ካርድ አወጡና ጀርባውን ለሁለት አሰመሩት። በአንዱ በኩል «ጥቅም»፣ በሌላው በኩል «ጉዳት» ብለው ጻፉ። ሦስት ቀን ሙሉ በረንዳቸው ላይ ተቀምጠን ተጨቃጨቅን።

«አንገቱ አይላጥም» እላለሁ። ይጽፋሉ።

«ግን ይነዝረዋል» ይላሉ። እሱንም በጉዳት በኩል ይጽፋሉ።

«አንዴ ወይም ሁለቴ ነው ጋሼ! አንቱ ስንት ሺህ ከብት በመርፌ ወግተው የለም እንዴ?»

«መርፌው ከበሽታ ያድናል።»

«ይኼስ ከመርዝ አያድንም?»

እሱንም ጻፉ። «እሱን ከመውጣት ያግደዋል እንጂ ሌላውን ከመግባት አያግድም» አሉ ቀጥለው። ለእሱ የእሾህ አጥሩ አለ አልኳቸው። «ባትሪው ቢሞትስ?» አሉ። «እንዴ! እኔ ታዲያ ምን ሥራ አለኝ?» አልኳቸው። በመጨረሻ እስክርቢቶውን ከንፈራቸው ላይ አድርገው፣ «እኔ ውጭ ብሆንስ?» አሉ።

«እንዴት ውጭ?»

«እኔ ከመስመሩ ውጭ ሆኜ እሱ ከውስጥ ቢሆን። ብፈልገውስ?»

ሳቅኩባቸው። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ከልቤ ነው የሳቅኩት። «በዚህ እግርዎ ወዴት ሊሄዱብን ነው ጋሼ?» አልኩ። እሳቸውም ሳቁ። ግን ጻፉት፣ ከነጥያቄ ምልክቱ።

በጥር ቀይ አፈሩን ቆፍሬ ሽቦውን ቀበርኩ። በበሩ በኩል መስመሩ ከመዝጊያው ሦስት እርምጃ ገባ ብሎ ነው ያለፈው። ከዕቃው ጋር የመጣውን ወረቀት አንድ የእንግሊዝኛ አስተማሪ አነበበልን። ውሻውን ስታለማምደው መስመሩ ላይ ነጭ ጨርቅ ትከል ይላል። ልታወጣው ስትፈልግ ደግሞ ቀበቶውን አውልቅ፣ አንገቱን ይዘህ አብረኸው ተሻገር፣ ምንም እንደማይሆን እስኪያምን ድረስ ደጋግም ይላል። ቀበቶውን ያጠለቁለት ጋሼ ናቸው፤ እኔ ሩቅ ቆሜ ነበር።

የመጀመሪያውን ቀን አልረሳውም። ከብት አለፈ፣ ጉራቻ ተወርውሮ ሄደ፣ መስመሩ ላይ ሲደርስ እንደ ሰው ጮኸ። አየር ላይ ተገልብጦ ወደቀ፤ በራሱ ላይ ሸና። ከዚያ አልጋ ሥር ገብቶ እስከ ማግሥቱ አልወጣም። ጋሼ አልጋው ዳር ወለሉ ላይ፣ ያንን የማይታጠፍ እግራቸውን ዘርግተው፣ «አይዞህ፣ አይዞህ» እያሉ አለቀሱ። እንባቸውን ሳይ ተናደድኩ እንጂ አላዘንኩም። «ሕይወቱን ነው ያዳንኩልዎት!» ብያቸው ወጣሁ። ደግሞም አድኜዋለሁ፤ በዚያ ወር በሰፈሩ በሕይወት የተረፈው ትልቅ ውሻ ጉራቻ ብቻ ነበር።

የሣጥኗ ባትሪ አላስቸገረም። ያስቸገረው ቀበቶው ውስጥ የምትገባዋ ትንሽዬ ባትሪ ናት። ፈረንጁ የተዋቸው አራት ፍሬ ብቻ ነበር። አዲስ አበባ ለሚሄድ ሾፌር ሁሉ ናሙና አስያዝኩ፤ መርካቶም ጠፋች። ነሐሴ ላይ የመጨረሻዋ ሞተች።

አንድ ሳምንት ተጨነቅን። ጉራቻ ግን ቃጭል ሲሰማ ብድግ ይላል፣ ወደ በሩ ይሮጣል፣ ሦስት እርምጃ ሲቀረው ቀጥ ብሎ ይቆማል። ነጩ ጨርቅ ከተነሣ ቆይቷል፤ እሱ ግን ቦታዋን ያውቃታል። አንድ ቀን የበግ አንጀት ይዞ የሚሮጥ ድመት በበሩ አለፈ፤ ጉራቻ መስመሯ ላይ ቆሞ እግሩ እየተንቀጠቀጠ አየው እንጂ አልወጣም። «ባትሪው መሞቱን እንዳይነግሩት አደራ!» አልኳቸው። ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። ሣጥኗንም ነቅዬ ወሰድኩ፤ ባትሪዋን ለሌላ ሥራ አዋልኳት።

ወራት አለፉ፤ የእብድ ውሻው ወሬም በረድ አለ፤ መርዙም ቀረ። ጋሼ አንድ ቀን ጠሩኝ።

«ጀይላን፣ ይኼ ነገር ልክ አይደለም» አሉ። «ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ስወጣ እዚያች መስመር ላይ ቆሞ ያለቅሳል። ስመለስም እዚያው ነው። ወረቀቱ ያለውን አድርግልኝ፤ አንገቱን ይዘህ አሻግረው። ጥቂት ቀን ብቻ። እኔ በአንድ እግሬ አልችለውም፣ ይጥለኛል።»

«እኔ? ውሻ ልይዝ?»

«ትታጠባለህ፣ ልጄ።»

«ጋሼ፣ ሌላ ነገር ይዘዙኝ።»

ሚስቴ ኡሙልኸይር ሰማች። «ታጥበህ ትገባለህ፣ ምን ትሆናለህ? ሃይማኖቱ ታጠብ አለህ እንጂ ጎረቤትህን አትርዳ አላለህም» አለችኝ። ለእሷ፣ ውኃው የታለ አልኳት። ለጋሼ፣ ዛሬ ጁምዓ ነው አልኳቸው። በሌላ ቀን መኪና ቆሞብኛል አልኳቸው። በሦስተኛው ምን እንዳልኩ አላስታውስም። አራተኛ አልጠየቁኝም። ዛሬ ላይ ሆኜ ሳየው ሃይማኖቴ አልነበረም የያዘኝ፤ መጸየፍና ስንፍና ነው። ሃይማኖቱንማ መደበቂያ አደረግሁት።

መስከረም 2 ቀን 1981 የአብዮት በዓል ነበር። ቀበሌው ከየቤቱ ሰው እየጠራ ሜዳው ላይ አሰለፈን፤ የቀረ ሰው ምን እንደሚጠብቀው ስለምናውቅ ከተማው ባዶውን ነው የዋለው። በእኛ ሰፈር የቀሩት ሁለት ሰዎች ናቸው፦ ጋሼ በእግራቸው ምክንያት፣ ቦጋለች ደግሞ የአሥር ቀን አራስ ስለነበረች። ጠዋት ሳልፍ ጋሼ በራቸው ላይ ነበሩ። «ማርሹ እስከዚህ ይሰማል፣ ቦዩ ላይ ቁጭ ብዬ አዳምጣለሁ» አሉኝ። «እኛ እዚያ ፀሐይ ይመታናል፣ አንቱ እዚህ ሙዚቃ ይሰማሉ!» ብዬ ቀልጄ ሄድኩ።

ስንመለስ ቀትር አልፏል። ጋሼ ቦዩ አጠገብ በግንባራቸው ተደፍተዋል። ከመስመሯ እስከ ወደቁበት አሥር እርምጃ ቢሆን ነው። ሁለት እጃቸውና ትከሻቸው ተዘንጥሏል፤ ግንባራቸው የቦዩ ድንጋይ ላይ ተሰብሯል፤ ከዘራቸው ለሁለት ተሰብሮ አጠገባቸው ወድቋል። ደሙ ቀይ አፈሩ ላይ ደርቆ አፈሩን መስሏል። ሞተዋል። ጉራቻ ከውስጥ፣ ክፍት በሆነው በር ትይዩ፣ መስመሯ ላይ ቆሟል። አፉ በደም ተለውሷል። ድምፁ ተዘግቶ ትንፋሽ ብቻ ነበር የሚወጣው።

ቦጋለች ልጇን ታቅፋ ከበሯ ብቅ አለች፤ ፊቷ አመድ መስሏል። «ሰምቻለሁ» አለች። «ጉራቻ ኮቱ፣ ጉራቻ ኮቱ እያሉ ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜ እንደሚጠሩት መስሎኝ! ውሻውም ይጮሃል። ብዙ ጠሩት። እኔ አራስ ነኝ፣ ብቻዬን ነኝ፣ እንዴት ልውጣ? ከዚያ እሳቸው ዝም አሉ፣ ውሻው ግን አላቆመም።»

ሺሬ የሚባለው የቀበሌው ጥበቃ ጠመንጃውን አነሣ። «ጠሩት፣ መጣና ነከሳቸው። አብዷል፤ አፉን አታዩም?»

«አልወጣም!» አልኩ። በሩ ላይ ቆምኩበት። «ይኼ ውሻ ከዚያች መስመር አያልፍም!»

«በሩ ክፍት አይደለም እንዴ?»

«ቢከፈትም አያልፍም። አሳይሃለሁ!»

የእንቁጣጣሽ ማግሥት ስለነበር ቦጋለች ቤት የበግ ሥጋ አለ። አንድ ትልቅ ጉልጥምት አመጣችልኝ። ከመስመሯ አንድ እርምጃ ውጭ አስቀመጥኩት። ከጠዋት ጀምሮ ያልበላ ውሻ ነው። ጉራቻ አንገቱን ሰገገ፣ ለሃጩ ተንጠባጠበ፣ የፊት እግሩን አነሣ፣ ወዲያው እሳት እንደነካ ሁሉ መለሰው። ሥጋውን ትቶ ከሥጋው ባሻገር ወደ ተኙት ወደ ጋሼ አየ። እያለቀሰ መሬቱን ቧጨረ። አልተሻገረም። ያን ጊዜ ከመስመሯ ወደ ውስጥ የተተከለውን ግንድ አየነው፤ እንጨቱ በጥርስ ተልጦ ነጭ ሆኗል፤ የድዱ ደም ተለጥፎበታል። ወደ እሳቸው መሄድ ሲያቅተው ሲያኝክ የዋለው እሱን ነው።

ሺሬ ጠመንጃውን ቀስ ብሎ አወረደ። «ኤሌትሪኩ ነው የያዘው?» አለኝ።

«ኤሌትሪክ የለም» አልኩት። «ከሞተ ዓመት አልፎታል።»

«ታዲያ ምኑ ነው የያዘው?»

ሰፈሩ ሁሉ እያየኝ ነበር። ውሻውን ያዳንኩበት ማስረጃ እኔኑ መልሶ እንደከሰሰኝ ከኡሙልኸይር በቀር የገባው ሰው አልነበረም። እሷም ነጠላዋን አውልቃ ጋሼን አለበሰቻቸው።

በማግሥቱ ገበያው ዳር አንድ ቡናማ ውሻ ለሃጩን እያዝረበረበ ሲንገዳገድ ተገኝቶ ተገደለ፤ የተሰበረው ከዘራ ስንጣሪ ጆሮው ሥር ተሰክቶ ነበር። ጋሼ አንዴ ሳይመቱት አልቀሩም። ጉራቻ ላይ ግን አንድም ጭረት አልነበረም። ቢወጣ ኖሮ ተነክሶ ያብድ ነበር ይሉኛል ሰዎች ሊያጽናኑኝ። ይሆናል። ወይም ያንን ውሻ ገና ሲመጣ ለሁለት ይቀደው ነበር። ጉራቻን ያየ ያውቃል።

ከቀብር በኋላ ቤታቸውን ስናስተካክል ያን ካርድ ዳዊታቸው ውስጥ አገኘሁት። በጥቅም በኩል ስድስት መስመር፣ በጉዳት በኩል አምስት። መጨረሻ ላይ «እኔ ውጭ ብሆንስ?» ይላል። ያን ቀን ሱቅ አልከፈትኩም። ሽቦውን ሙሉውን ቆፍሬ አወጣሁና ጠቅልዬ ጣልኩት። ጉራቻ ስቆፍር ቆሞ አየኝ፤ ሽቦው ከወጣ በኋላም ያችኑ ቦታ ሲደርስ ይቆማል።

ከዚያ ወደ እሱ ሄድኩ። ቀበቶውን ፈታሁ፤ ከሥሩ ጸጉሩ ተመልጦ ቆዳው ጠቁሯል። አንገቱን በባዶ እጄ ያዝኩና አሻገርኩት። እንደሚታረድ በግ ተንፈራገጠ፣ ምራቁ ክንዴ ላይ ፈሰሰ፣ ወጥቶ ስለቀው ተመልሶ ገባ። ቤቴ ሄጄ ሰባት ጊዜ ታጠብኩ፣ አንዱን በአፈር። በማግሥቱም፣ በሦስተኛውም ቀን እንዲሁ። በስምንተኛው መንፈራገጡን ተወ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሳልይዘው ቦዩ ላይ ቆሜ፣ «ጉራቻ፣ ኮቱ» አልኩት። መስመሯ ላይ መጥቶ ቆመ። ቆየ። ከዚያ ተሻገረ። ወደ እኔ ግን አልመጣም፤ በአጠገቤ አልፎ ሄዶ የጋሼ ራስ ያረፈበትን ድንጋይ አሸተተና እዚያው ተኛ።

አሥራ አንድ ቀን ነው የፈጀው። በያዝኩት ቀን ሁሉ ሰባት ሰባት ጊዜ ታጥቤአለሁ፤ ውኃውም አላለቀብንም።